ሳይነበብ የቀረው የተሸላሚ ስም፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ማዶ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

የሞያሌ አውቶቡስ የሚነሳው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ግን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር። የያዝኩት አንዲት የትከሻ ቦርሳ ናት። ውስጧ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ፓስፖርቴ፣ በፓስፖርቱ ገጾች መሃል ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አለ። ለጉዞው ምክንያቱ ያ ወረቀት ነው።

የምሠራበት የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ ለምርጥ መሪ ተዋናይ ሽልማት ይሰጣል። ዘንድሮ የሽልማቱ ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እንዲወጣ ተወሰነና ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዳኞቹ ጸሐፊ ሆኜ የቆየሁት እኔ ነኝና። በደስታ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያው ሽልማት አንድ አናጺ ከወይራ የጠረበው የሰው ፊት ነበር፤ ቀለሙ ስላልደረቀ ተሸላሚው ነጭ ሸሚዙ ላይ ቡናማ አሻራ ይዞ ፎቶ ተነሳ። በሁለተኛው ዓመት ሴትና ወንድ አብረው ተወዳደሩ። አንዲት ተዋናይት ወንዶቹን ሁሉ በልጣ ስትወስደው ጉርምርምታ ተነሳና በሦስተኛው ዓመት ሽልማቱ ለሁለት ተከፈለ። በአምስተኛው ዓመት ዳኞቹ "የሚበቃ አላየንም" ብለው ማንንም ሳይሸልሙ ቀሩ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ዘፈን ብቻ ሰምቶ ተበተነ። ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ጻፍኩት። ሰባተኛው ዓመት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በዚያ ሰባተኛ ዓመት፣ ከሰባቱ ዳኞች አራቱ የመረጡት ጋሽ በላቸውን ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ እየጠፋ ይህን ከሚስቱ የሚደብቅ ሰዓት ጠጋኝ ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ነው ያስመረጠው። ግን ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት አገር ጥሎ ወጣ። መድረክ ላይ በተናገረው ነገር አንዴ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ተጠይቆ ነበር፤ ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቀም። የያኔው ሊቀመንበራችን የድምፁን ቆጠራ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ለኮበለለ ሰው ሸልመን ማኅበሩን ልናዘጋ ነው? ሁለተኛውን ጻፊ" አለኝ።

ሁለተኛው ሳምሶን ነበር። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንጀራዬም በሊቀመንበሩ እጅ ነበር። አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፤ አራቱን ለሳምሶን፣ ሦስቱን ለጋሽ በላቸው አደረግኩት። ዳኞቹ ድምፃቸውን በታሸገ ፖስታ ስለሚሰጡ አንዱ የሌላውን አያውቅም። አሮጌውን ቃለ ጉባኤ ቅደጂው ብሎኝ ነበር። አልቀደድኩትም። ለምን እንዳልቀደድኩት ዛሬም አላውቅም። ሊቀመንበሩ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ጋሽ በላቸው ያለበትን የነገረችኝ የልብስ ዝግጅት ባልደረባችን ናት። ሞያሌ የምትነግድ እህቷ አይታው ነበር። ኬንያ ሞያሌ፣ ቡቲዬ የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክም ያስተረጉማል። ስልኩን ልታመጣልኝ ትችል ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ደውዬ "አትምጪ" ቢለኝስ? ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን የሚፈልገው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።

መንገዱ

ሐዋሳን አልፈን ዲላ ለምሳ ወረድን። ክትፎ አዘዝኩና ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውኩት። ከዲላ በኋላ መንገዱ በጌዴኦ ተራሮች መሃል ይጠማዘዛል። ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ አረንጓዴው ሾፌሩ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየው ነበር። አሁን ግን በየኩርባው ቦርሳዬን እየነካሁ "የምለውን ከየት ልጀምር?" እያልኩ ነው። ቡሌ ሆራን ስናልፍ አረንጓዴው ሳሳ፤ መሬቱ ቀይ ሆነ፤ ግራሮቹ ተራራቁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የሞያሌ ነጋዴ ብርድ ልብስ ጭና ነበር የምትመለሰው። ቦርሳዬን ደጋግሜ ስነካ አይታ "ወርቅ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ወረቀት ነው።"

"ኧረ ወረቀት አይጠፋም፤ ተኚ" አለችና እሷው ተኛች።

ያቤሎ ልንደርስ ስንል ኬላ ላይ አስወረዱን። ወንድ በአንድ ሴት በሌላ ሰልፍ ቆምን። ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ወጣት ወታደር ሲገልጠው ወረቀቱ መሬት ላይ ወደቀ። አንስቶ ዘረጋው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቃለ ጉባኤ ነው።"

"የምን ጉባኤ?" ፊቱ ኮስተር አለ።

"የፊልም ሽልማት ነው። የድሮ ነው።"

አላመነኝም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ለምርጥ መሪ ተዋናይ... በላቸው፣ አራት ድምፅ። ሳምሶን፣ ሦስት ድምፅ።" ቀና አለ። "ሳምሶንን አውቀዋለሁ! ጎበዝ ነው። ይሄ የተሸነፈበት ነው?"

"አዎ" አልኩት። "የተሸነፈበት ነው።"

አጣጥፎ መለሰልኝ። ወረቀቱን ፓስፖርቱ ውስጥ መልሼ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ የነገርኩት ደግሞ የኬላ ጠባቂ ነው። ያቤሎ አደርን።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ድንበሩ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ የሚወስደው መንገድ ዳር የሰው ቁመት እጥፍ የሆኑ የምስጥ ኩይሳዎች ቆመዋል። ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቃል። እነሱ ይጣደፉ ዘንድ አንዳች ምክንያት የላቸውም። እኔ ግን ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ ደግሞ እንዳንደርስ እመኛለሁ።

ሞያሌ ስንገባ ቀትር ነበር። የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ በአንዱ መስኮት ከኢትዮጵያ ትወጫለሽ፣ በሚቀጥለው ኬንያ ትገቢያለሽ። "ለምን መጣሽ?" አለኝ ኬንያዊው። "ወዳጅ ለመጠየቅ" አልኩ። ወዳጅ ማለቴ አሳፈረኝ። "ካሪቡ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

ውጭ ስወጣ መንገድ ለማቋረጥ ወደ ግራ አየሁ። መኪና ያለፈኝ በቀኝ በኩል ቀሚሴን ነክቶ ነው። እዚያ ማዶ በሌላው አቅጣጫ እንደሚነዳ ማን ባስታወሰኝ! አንድ ጠና ያለ ባለ ሞተር ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ሳበኝ።

"ፖሌ፣ አይዞሽ እህቴ። ኬንያ በቀኝ አይታይም? ቀኝ ያያል ሰው" አለኝ። ጉዮ ይባላል። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ነው የለመደው። የምፈልገውን ስነግረው ፊቱ በራ።

"ኤዬ! ምዋሊሙ በላቸው! እኔ አውቃለሁ እሱን። እናቴ ኦሮምኛ ብቻ ነው የምታውቅ። ዳክታሪ ደግሞ ከታች አገር የመጣች፣ ስዋሂሊ ብቻ። በላቸው የእናቴን ሕመም ተናገረላት። ልክ እናቴ! እናቴ ራሷ ደነገጠች። ሞተሬ ላይ ውጪ፣ መቶ ሺሊንጊ።"

ምዋሊሙ በስዋሂሊ አስተማሪ ማለት ነው። አስተምሮ አያውቅም፤ ሰው አክብሮ ነው እንዲህ የሚጠራው።

ክሊኒኩ

የጁምዓ ሰዓት ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። ክሊኒኩ ሦስት ክፍልና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። በሩ የተከፈተው ክፍል ውስጥ ወጣት ሐኪም ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ አሉ። በመሃላቸው ደግሞ ጎኑን ለእኔ የሰጠ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ የከሳ ሰው ተቀምጧል።

አዛውንቱ በአማርኛ "ዳገት ስወጣ ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ ይመስለኛል" አሉ።

ያ ሰው ያንኑ በስዋሂሊ ተናገረው። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ትከሻው በትንሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቃላቱ አጠረ፣ ከሁለተኛው ቃል በኋላ አየር ፈለገ። እጁን አላነሳም፤ ፊቱን አላጨማደደም። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ስታነሳ መጀመሪያ ወደ እሱ ዘረጋችው፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ አዛውንቱ መለሰችው። ጋሽ በላቸው መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሮጬ መውጣት አማረኝ።

ሲወጣ አየኝ።

"ሰናይት? ያቺ ጸሐፊዋ ሰናይት?" አቀፈኝ። "አንቺ ልጅ፣ አርጅተሻል እኮ!"

"አንተስ ጋሽ በላቸው?"

"እኔማ ድሮም ሽማግሌ ሆኜ ነው የምጫወተው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ የባሰ አስጨነቀኝ።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ገባን። የወተት ሻይና ቻፓቲ አስመጣ። የእከሌን ደህንነት፣ የእከሌን ሞት ጠየቀኝ። ስመልስለት ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። የሊቀመንበሩን ንግግር፣ የእኔን እጅ ጽሑፍ፣ የቁጥሩን መገልበጥ።

አንገቱን ደፍቶ ረጅም ጊዜ አነበበው። አራት መስመር ነው ያለው።

"በዓሉን እዚሁ ከተማ ሆኜ ነው ያየሁት" አለ። "ገና የመጣሁ ሰሞን ነው። የሻይ ቤቱን ባለቤት ለምኜ ጣቢያ አስቀየርኩት። የሳምሶን ስም ሲጠራ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ሳምሶንን እወደዋለሁ፤ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት።"

"ጋሽ በላቸው..."

"ቆይ። ናይሮቢ ያሉ ልጆች ቲያትር ሲያቋቁሙ ሦስት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። እምቢ አልኩ። ምክንያቴን ታውቂያለሽ? ያን ሰዓት ጠጋኝ ከሠራሁት በላይ ልሠራው አልችልም ነበር። ያለኝን ሁሉ አውጥቼበታለሁ። ሙያውን የሚያውቁ ሰባት ሰዎች አይተው አልበቃም ካሉ፣ እንግዲህ አልበቃም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።" ጣቱን አራት ከሚለው ቁጥር ላይ አስቀመጠ። "አሥራ አራት ዓመት፣ ሰናይት።"

እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የወሰድኩበት አንድ ሐውልትና የአንድ ቀን ጭብጨባ ይመስለኝ ነበር።

ተነሳ። ወረቀቱን አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው። "ይሄ እኔ ጋ ይደር" አለኝ። ሳልመልስለት ወጣ። በመስኮት ሳየው ሞተር አልጠራም፤ በእግሩ ወደ ቡቲዬ ነው የሄደው።

ቅዳሜ

ካደርኩበት እንግዳ ማረፊያ ሳልወጣ ረፋድ ሆነ። አልመጣም። ስልክ አልተለዋወጥንም። አራት ሰዓት ላይ ቀድዶት ይሆናል አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ለጋዜጠኛ ልኮት ይሆናል አልኩ። ከዚያ የማፍርበት ሐሳብ መጣብኝ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። ወረቀቱ ከጠፋ የሚያስረዳብኝ የለም። ተመልሼ "ሰባተኛው ዓመት፣ ሳምሶን" ብዬ ብጽፍ ማን ይጠይቀኛል? ጓዜን ጠቀለልኩ። ጫማዬን አሠርኩ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ከበሩ ጋር ተፋጠጥኩ።

ስድስት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጠይም፣ ረጅም፣ ብሩህ ቀለም ያለው ሻሽ ያሰረች ሴት ናት።

"አንቺ ነሽ ባለ ወረቀቷ? እኔ ቱሜ ነኝ፣ የበላቸው ሚስት። ነይ፣ ምሳ" አለችኝ።

ትናንት ማረፊያዬ ያደረሰኝ ጉዮ ቤቱን አሳይቷት ኖሮ፣ በሞተሩ ሁለታችንንም ከኋላ ጭኖ ወሰደን። ቱሜ ከጀርባዬ ሆና በጆሮዬ ታወራኛለች። "ትናንት መጣ፣ እራት አልበላም። እኔ ፈራሁ። ከዛ 'ቱሜ፣ ተቀመጪ' አለኝ። ያንን ፊልሙን ሠራልኝ። ሰዓት የለም፣ እጁ ግን ሰዓት ይፈታል። ዓይኑ እያየኝ አያየኝም! እኔ አለቀስኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ባሌ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላየሁትም።" ወገቤን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። "አንቺ ላይ በጣም ተናድጃለሁ። ግን ምሳ ትበያለሽ።"

ቤታቸው ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ውስጥ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግተዋል። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ። ጋሽ በላቸው እጁን ታጥቦ ሦስቴ ጎረሰና ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው። እንዳጠፈው ነው።

"ይጻፍ" አለኝ። "'ትቼዋለሁ፣ ይቅር' ብዬ ቅዱስ እንድሆንልሽ ጠብቀሽ ከሆነ አዝናለሁ። እፈልገዋለሁ። ስሜ ይጻፍ። ግን ሁለት ነገር አለ። ሳምሶን ከመጽሐፍ ላይ እንዳያነበው። ካንቺ አፍ ይስማው፣ ፊት ለፊት። እሱ ምንም አላጠፋም።"

"እሺ።"

"ሁለተኛው፣ 'ቃለ ጉባኤው ተለወጠ' ብለሽ እንዳትጽፊ። ማን ለወጠው?"

"ሊቀመንበሩ አዞኝ..."

"እሱንም ጻፊ። ግን የሞተ ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው። ማን ለወጠው?"

"እኔ።"

"እሱን ጻፊ።"

ለረጅም ጊዜ የተለማመድኩትን የይቅርታ ቃል ልጀምር አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። "ይቅርታውን ዛሬ አትጠይቂኝ። ዛሬ የለኝም። ብዪ።"

ቱሜ ሩዝ ጨመረችልኝ።

መመለሻ

ከጋሽ በላቸው ጋር ስልክ ተለዋውጠን እሑድ በጠዋት ድንበሩን ተሻገርኩ፤ ሰኞ ወደ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ስለ መንገዱ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሳምሶን ቤት በር ላይ ቆምኩ። ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ለስንት?" ብሎ ነው።

"አራት ለሦስት።"

"በአንድ ድምፅ" አለ ለራሱ። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። "ልጆቼ በዚህ ነው የሚያውቁኝ! ሥራ ሁሉ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለምን አሁን? ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? ያኔ ብትነግሪኝ እኮ ራሴ መድረክ ላይ ስሙን እጠራ ነበር!" እውነቱን ነበር። ሁለት ሰው ነው የበደልኩት፤ አንዱን ነስቼ፣ አንዱን ሰጥቼ። "ውጪልኝ" አለኝ። ስወጣ ግን ከኋላዬ ደረሰና "የበላቸውን ስልክ ጻፊልኝ" አለ። ጻፍኩለት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ በላቸው ደወለ።

"ሳምሶን ደወለልኝ። ብዙ አወራን።"

"ምን አለህ?"

"ስለ ሽልማቱ ምንም አላለም። 'ያን ጊዜ ዓይንህ እያየ እንዴት ነው ያላየኸው? ስንት ጊዜ ሞከርኩት፣ አቃተኝ' አለኝ። አሳየሁት። በስልክ እንዴት እንደሚታይ እንጃ፤ ብቻ አሳየሁት።" ድምፁ ተቆረጠ፤ አውታረ መረቡ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ እኔ ዝም ያልኩ ጊዜ ነገሩ መሳቢያዬ ውስጥ የተኛ ይመስለኝ ነበር። ሲሠራ ነው የኖረው። ሞያሌ ላይ አንድን ሰው በየቀኑ "አትችልም" ይለው ነበር።

ሐሙስ ጽሑፉን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ማኅበሩ ገና አላነበበውም። ሲያነብ ሥራዬ ላይ ምን እንደሚደርስ አላውቅም። ፊደል ለቃሚዋ ሰባተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ጣቶቿን ከፊደል ገበታው አነሳችና ድምፅ አውጥታ አነበበች፦

"'በዚህ ዓመት ብዙ ድምፅ ያገኘው በላቸው ነበር። በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ውጤቱን ለሳምሶን የለወጥኩት እኔ፣ የዳኞቹ ጸሐፊ ሰናይት ነኝ።' ይሄ እንዳለ ይግባ?"

"እንዳለ ይግባ" አልኳት።